ያልዘነበብን ዝናብ

ነገሩ የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት ጳጉሜ ሦስት፣ በሩፋኤል ዕለት ነው። እስከ ዛሬ ለማንም ሙሉውን አውርቼው አላውቅም። ባለቤቴ እንኳ የምታውቀው ግማሹን ነው። አሁን የምጽፈው ሰው ባመሰገነኝ ቁጥር አንገቴን መድፋት ስለሰለቸኝ ነው።

ያኔ የምንኖረው ከካዛንቺስ ቁልቁል ሲወረድ ወንዝ ዳር ባለ ግቢ ውስጥ ነበር። አምስት ቤተሰብ ነን። ከእንጦጦ የሚወርደው ወንዝ ከግቢያችን ጀርባ ያልፋል፤ በእሱና በእኛ መካከል ያለው አንድ አሮጌ የድንጋይ ግንብ ብቻ ነው። በበጋ ሽታው እንጂ ውኃው ትዝ አይለንም። ክረምት ላይ ሲዘንብ ልጆቻችንን ከግንቡ እናርቃለን፤ ሲያባራ ደግሞ እንለቃቸዋለን። ስንት ዓመት የኖርነው እንዲህ ነው።

እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ይህን ቀድሜ የምናገረው አንባቢ በኋላ እንዲታዘበኝ ነው። በየዓመቱ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ዝናብ ተራራ እንዴት እንደሚሸረሽር፣ ሸለቆ እንዴት እንደሚቆፍር፣ ላይ የዘነበው ታች ያለውን አገር እንዴት እንደሚለውጥ ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ አስረዳለሁ። ዓባይ የደጋውን አፈር ተሸክሞ ወርዶ በረሃ መሀል እርሻ እንዳበቀለ ስነግራቸው እኔው ራሴ ደስ ይለኛል። ሥዕሌም አይከፋም።

በሩፋኤል ዕለት የሚዘንበው ዝናብ ጠበል ነው ይባላል። ልጆች «አሳድገኝ» እያሉ ይታጠቡበታል፤ እናቶች ባልዲና ሳፋ ደርድረው ያጠራቅሙታል። የዚያን ቀን ግን ሰማዩ ጠርቶ ዋለ። ጠዋት የለ፣ ቀትር ላይ የለ። ሳፋው ሁሉ ከጣሪያ ራቅ ባለችው ክፍት ቦታ ላይ፣ ከግንቡ ሥር፣ ተደርድሮ ፀሐይ ይሞቃል። ልጆቹም እዚያው ተኮልኩለው ወደ ላይ ያንጋጥጣሉ።

ልጄ መክሊት ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። ጠዋት ሮዝ ቀሚሷን ያለበስኳት እኔ ነኝ፤ እናቷ ሥራ ገብታ ነበር። ጓደኛዋ ሃያት የጎረቤታችን የከድጃ ልጅ ናት። ሁለቱ እኩያ ናቸው፣ ቁመታቸውም አንድ ነው። ከድጃ ሙስሊም ብትሆንም «ዝናብ የሁላችንም ነው» ብላ ሳፋዋን ከሁሉም ቀድማ ያወጣችው እሷ ነበረች።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ እህቴ ከሽሮ ሜዳ ደወለችልኝ። ቤቷ እንጦጦ ሥር ነው።

«እንኳን አደረሳችሁ! እኛ ጋ እኮ ሩፋኤል ወርዶልናል፤ በረዶ ቀላቅሎ ነው የጣለው። በቃ መንገዱ ራሱ ወንዝ ሆኗል!» አለች እየሳቀች።

«እናንተማ ለሰማዩ ቅርብ ናችሁ። ለእኛም ላኩልን እንጂ» አልኳት።

ስልኩን ዘግቼ ለግቢው ሁሉ አበሰርኩ። ልጆቹ ጨፈሩ። ያን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩት ነገር አንድም አልመጣልኝም።

ብዙም ሳይቆይ ከግንቡ ቀዳዳ አንድ አይጥ ወጣ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው መሀል፣ እየተረማመዱ ወደ ላይኛው በር ይሮጣሉ። ልጆቹ ጮኹ፣ ሳቁም። ከድጃ ግን አልሳቀችም።

«ቲቸር፣ ይሄ ነገር ምንድነው? ማለቴ… የወንዙ ሽታም ተቀይሯል። ሃያትን ባስገባት ይሻላል መሰለኝ።»

ሰማዩን በእጄ አሳየኋት።

«ጠብ ሳይል ወንዝ ይሞላል እንዴ? አይጦቹን ሙቀቱ ነው ያስወጣቸው። ልጆቹን ተያቸው ባክሽ፣ በዓመት አንዴ ነው።»

«አንተ ካልክ እሺ» አለችና ጀሪካን ልትዋስ ከግቢው ወጣች።

ሽታው እውነትም ተቀይሮ ነበር። የለመድነው የፍሳሽ ሽታ ጠፍቶ አዲስ የተቆፈረ አፈር ይሸት ጀመር። ንፋስም ሳይኖር ከወንዙ በኩል ቀዝቃዛ አየር መጣብን። ግን አስተማሪ አንዴ መልስ ከሰጠ በኋላ መሳሳቱን ማመን ይከብደዋል።

ከዚያ በግንቡ ድንጋዮች መካከል ውኃ ያንጠባጥብ ጀመር። ከወንዙ ወገን ጭነት የበዛበት መኪና ዳገት ሲወጣ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ እየቀረበ መጣ። ሰሌዳ ላይ የምሥለው ሥዕል የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እህቴ ቤት ደጃፍ የወረደው ዝናብ ደረሰ።

«ከግንቡ ሥር ውጡ! ውጡ!» ብዬ ጮኽኩ። ልጆቹ እየተንጫጩ ወደ ላይኛው በር ወደሚያወጣው ደረጃ ሮጡ። ሮዝ ቀሚስ የለበሰችው ግን ጎንበስ ብላ ሳፋ ትጎትታለች። «መክሊት! መክሊት!» እያልኩ ሮጥኩ። ውኃው ከግንቡ ላይ እየዘለለ ነበር። ክንዷን አፈፍ አድርጌ ደረጃውን ስወጣ ግንቡ ከኋላዬ ተናደ። ቡናማ ውኃ ግንድ፣ ጎማና የሰው አጥር ይዞ ግቢያችንን ሞላው።

ላይ ደርሼ ላቅፋት ሳዞራት ሃያት ናት።

«አንቺ ነሽ እንዴ?» አልኳት።

እንዴት እንዳልኳት ካልተናገርኩ መጻፌ ዋጋ የለውም። በንዴት ነው ያልኳት። ሰው ያታለለኝ ያህል ተናድጄ። ከዚያ ገፍትሬያት ወደ ውኃው ተመለስኩ። ጎረቤቶቼ ወገቤን ይዘው ባይጎትቱኝ ወንዙ ይወስደኝ ነበር። የልጄን ስም እየጠራሁ አለቀስኩ።

«አባዬ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። መክሊት በፓንት ብቻ ከላይኛው ቤት በር ላይ ቆማለች። ሃያት የለበሰችው አዲስ ልብስ በጠበሉ እንዳይረጥብ ብላ መክሊት የራሷን ሮዝ ቀሚስ አልብሳት፣ እሷ ሽንት ቤት ሄዳ ነበር። ውኃው ሲመጣ ግንቡ አጠገብ እንኳ አልነበረችም።

ሰው አልሞተም። የእኛና የከድጃ ቤት ከነዕቃው ሄደ። ውኃው ሲጎድል የግቢው እኩሌታ የለም፤ ወንዙ እኛ እንተኛ በነበረበት ቦታ ላይ አዲስ መንገድ አውጥቷል። ስንት ዓመት በጠመኔ የሣልኩትን እሱ በሩብ ሰዓት ሠርቶት ሄደ። ሰማዩ እስከ ማታ ጥርት እንዳለ ነበር። አንዲት ጠብታ አልወረደችብንም።

ዛሬ እኛ ወሎ ሰፈር፣ ከድጃ ቄራ ነው የምንኖረው። በዓል በመጣ ቁጥር አትረሳንም። ለሰው ስታስተዋውቀኝ «ልጄን ከሞት ያወጣልኝ» ትላለች። አንድ ቀን ደፍሬ፣ «ከድጃ፣ ላስገባት ስትይ ተያት ያልኩሽ እኔ አይደለሁም እንዴ?» አልኳት። «ተው ቲቸር፣ አላህ ያለው ነው የሆነው» ብላ ዘጋችኝ። ይህን ይቅር ብላኛለች። ሌላውን ግን መናገር አቃተኝ። መልኳን ባየሁ ኖሮ አልፌያት እሄድ እንደነበር ለእናቷ በምን አፌ ልንገራት?

ባለፈው ኢድ ቤቷ ጠርታን ሄድን። እንግዶች ነበሩ፤ ከድጃ እንደልማዷ ታሪኩን ጀመረች። ሃያት አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሻይ ታቀርባለች።

«ስሟን እየጠራ ነው እኮ የሮጠላት! ግንቡ እየተናደ፣ ሃያት ሃያት እያለ!» አለች ከድጃ።

ልጅቷ ሻዩን ፊቴ አስቀምጣ ቀና ብላ አየችኝ። እንደምታውቅ ያኔ ገባኝ። ሁሉንም ሰምታለች። የጠራሁትንም ስም፣ ደረጃው ላይ ያልኳትንም። ሦስት ዓመት ሙሉ ለእናቷ ትንፍሽ አላለችም። ዛሬ ትናገር ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ፤ እውነቴን ነው፣ እንድትናገርም ፈለግኩ።

«አዎ» አለች ሃያት። «ስሜን ነው የጠራው።»