ለአንድ ወንበር የተሠሩ ጥሩምባዎች

«ክርርር… ክርርር… ፉ! ፉ!»

በጣቢያው ምሰሶ ላይ የተሰቀለው የቆርቆሮ ጥሩምባ ሥራውን የሚጀምረው እንዲህ ጉሮሮውን ጠርጎ ነበር። ከዚያ አንድ ወፍራም ድምፅ በፈረንሳይኛ፣ ቀጥሎም በአማርኛ፣ የጅቡቲው ባቡር መዘግየቱን ያበስራል። መዘግየቱ አዲስ ነገር ስላልነበረ ጆሮ የሚሰጠው የለም። ሕዝቡ የሚጠብቀው ለማካካሻ የሚለቀቀውን ዘፈን ነው። ዘፈኑም በጥሩምባው አፍ ሲወጣ ትንሽ ዝገት፣ ትንሽ አቧራ፣ ትንሽም የናፍጣ ሽታ ይዞ የሚወጣ ይመስል ነበር።

ከምሰሶው ሥር ሁለት ልጆች ይቀመጡ ነበር። አንደኛው የባቡር ዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊው ልጅ ሣህሉ ነው። ሁለተኛው እናቱ ለመንገደኛ ሳምቡሳ የምትሸጠው ዐብዲራዛቅ ነው። ጥሩምባው ከላያቸው ስለሚጮኽ አንዱ የሌላውን ጆሮ ይዞ እየጮኸ ያወራል።

ጊዜው ሄደ፤ ጥሩምባውም ወርዶ የት እንደገባ አልታወቀም። ሣህሉ የአባቱን ሥራ ወርሶ፣ ሠርቶ፣ ጡረታ ወጥቶ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ጣሪያው ከፍ ባለ አሮጌ ቪላ ከሚስቱ ከወይንሸት ጋር ይኖራል። ዐብዲራዛቅ ደግሞ የሬዲዮና የቴፕ ሱቅ ከፍቶ ሸበተ። ድሬዳዋ ፀሐይዋን ሸሽታ ጋደም በምትልበት ሰዓት ሱቁን ይዘጋና ሽርጡን እየሰበሰበ ወደ ሣህሉ ሳሎን ይመጣል። ፍራሽ ተዘርግቷል፣ መከዳ ተደርድሯል፣ መስኮቱና በሩ ወለል ብለው ተከፍተዋል፣ ከላይ ቬንትሌተሩ ይሽከረከራል። ጥግ ላይ ሸክላው ይዘፍናል፤ እነሱ ያወራሉ። ማን ማንን እንደሚያጅብ ለይቶ የሚያውቅ አልነበረም።

ዐብዲራዛቅ ሲሰናበት ደግሞ ጉድ ነው። ከፍራሹ ሲነሣ አንድ ጊዜ ይሰናበታል፣ ሳሎኑ በር ላይ ይደግማል፣ ዋናውን ስንብት ግን ለአጥሩ በር ያቆየዋል። «የዚህ ሰው መምጣቱ አጭር፣ መሄዱ ረዥም ነው» ትላለች ወይንሸት።

አንድ ቀን ይኸው ሰው መከዳውን ደገፍ እንዳለ፦

«ወሪያ ሣህሉ፣ ዛምዛም ጅግጅጋ ና ትለኛለች» አለ። ዛምዛም የመጀመሪያ ልጁ ናት። «ሰፊ ቤት ሠርታለች፤ አየሩም ነፋሻ ነው። ‹ሽማግሌ ድሬ ላይ ተቀምጦ ምን ይሆናል? ተጠብሶ ነው የሚሞተው› አለችኝ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ልጅ ናት፤ እምቢ ለማለት ምክንያት ያስፈልጋል። ቅር የሚለው አንድ ሰው ቢኖር እንኳ ‹እገሌ ቅር ይለዋል› ብዬ እቀር ነበር።»

ይህን ብሎ ሣህሉን አየው። ሣህሉ ቬንትሌተሩን አየ። «አትሂድ» የምትባለው ቃል አጭር ናት፤ ጉሮሮው ድረስ መጥታ እንደ ጅቡቲው ባቡር ዘገየች።

«የጣቢያው ጥሩምባ ትዝ ይልሃል?» አለ በምትኩ።

«አቦ፣ እሱን ማን ይረሳል!»

«እንደሱ ያለ፣ ከሱም የበለጠ፣ እዚህ ቤት ባቆምስ?»

«ባቡር ልትጠራበት ነው?» ብሎ ሳቀ ዐብዲራዛቅ።

ሣህሉ አልሳቀም። ምክንያት ካስፈለገው ምክንያት ይሠራለታል ብሎ ቆርጧል። እንዲህ ያለ ድምፅ ያለበትን ሳሎን ትቶ ጅግጅጋ የሚሄድ ጤነኛ ሰው የለም! በአንድ ቃል ሊያልቅ የሚችለው ጉዳይ በዚህ ዓይነት ወደ አናጺ ቤት ተዛወረ።

መጀመሪያ ቀፊራ ገበያ ወርዶ ከቁራሌዎች መካከል ከቅስቀሳ መኪና የወረደ የቆርቆሮ ጥሩምባ አገኘ። አምጥቶ ከሸክላው ጋር ሲያገናኘው ወይንሸት ከጓዳ ብቅ አለች።

«ምን ሆነ? ውኃ ሊጠፋ ነው?»

«ዘፈን እኮ ነው።»

«ውይ! እኔ ደግሞ በርሜል ሙሉ የሚል መስሎኝ።»

ቆርቆሮ እንደሚያንቃጭል ገባው። ከዚያ በኋላ መነጽሩን ሰክቶ በስልኩ ማንበብ ጀመረ። ጥሩምባ ማለት ለድምፅ የተሠራ በር ነው፤ ጉሮሮው ጠባብ ሆኖ እንደ አበባ ቀስ እያለ ካልተከፈተ ድምፁ መንገድ ላይ ይታፈናል፤ ከቆርቆሮ ይልቅ እንጨት ይሻላል። ከጉሮሮው ጫፍ ላይ የሚገጠመውን፣ ድምፁን የሚወልደውን ብረት ባለሙያዎች ዩኒት ይሉታል። ደኅናው ዩኒት ድሬዳዋ አልተገኘም። ከጅቡቲ ያስመጣለት ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ዐብዲራዛቅ! የሚታሰርበትን ገመድ በአፉ ይዞ የመጣ በግ የሚሉት ይህ ነው።

እንጨቱን የጠረበው ቁምሳጥን በመሥራት የታወቀው ኒቆዲሞስ ነበር። ሁለቱን ጥሩምባዎች፣ እያንዳንዳቸውን ሕፃን የሚያስተኛ አፍ አስከፍቶ ሲያስረክብ፣ ዙሪያቸውን ጽጌረዳ ቀርጾባቸው ተገኘ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ ሣህሉ ደንግጦ።

«ምርቃት ነው። ባዶ አፍ አያምርም ብዬ።»

«ድምፁ እኮ አበባው ላይ ይደናቀፋል!»

«ድምፅ እግር አለው እንዴ?» አለ ኒቆዲሞስ ተቀይሞ፤ ቢሆንም ጽጌረዳውን ላገው። ከጥሩምባዎቹ ጀርባ ዩኒቱ የሚቀመጥበት ሣጥን ውስጡ በሱፍ መሸፈን ስለነበረበት ሣህሉ አባቱ የተዉትን የባቡር ካፖርት ቀደደው። ድሬዳዋ ላይ ያንን ካፖርት ለብሶት የሚያውቅ ፍጡር አልነበረም፤ በመጨረሻ ጥሩምባው ለበሰው።

ድምፁ አማረ። እውነቱን ለመናገር በጣም አማረ! ዘፋኟ ከመጀመሯ በፊት ትንፋሽ ስትስብ ይሰማል። ችግሩ የሳሎኑ ግድግዳ እያንዳንዱን ቃል ይደግመዋል። ሣህሉ አሰበበትና ፍራሹን አንሥቶ ግድግዳው ላይ ሰቀለው። ምንጣፉንም፣ መከዳውንም አስከተለ። የገደል ማሚቶው ጠፋ፤ መቀመጫውም አብሮ ጠፋ። ዐብዲራዛቅ በማግሥቱ ሲመጣ ሲተኛበት የኖረውን ፍራሽ ቀና ብሎ አየው።

«ሀዬ፣ እኛም እንሰቀላለን ወይስ እንቆማለን?»

ወንበር ቀረበለት። የባጃጅ ድምፅ እንዳይገባ መስኮቱ ተዘጋ፤ በሩም ተዘጋ። ቬንትሌተሩም የዘፋኟን ድምፅ እንደ ሽንኩርት ስለሚከትፈው ጠፋ። በዚያ ሐሩር!

ድሬዳዋ ላይ በቀን በሩን የሚዘጋ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል። ስለዚህ ጎረቤታቸው ፋርሒያ ሾርባ በሳህን ይዛ አንኳኳች።

«ማነው የታመመው?» አለች ለወይንሸት በሹክሹክታ።

«ማንም። ዘፈን እየሰሙ ነው።»

ፋርሒያ ወደ ተዘጋው በር አየች፤ ወደ ወይንሸትም አየች። «አይዞሽ እህቴ፣ አላህ ይማረው» ብላ ሾርባውን አስቀምጣ ሄደች።

ሣህሉ በዚህ አላበቃም። የሁለቱ ጥሩምባዎች ድምፅ የሚገናኝበትን ቦታ በገመድ ለክቶ ቢፈልግ፣ ዘፈኑ ሙሉ ሆኖ የሚሰማው ወለሉ መካከል አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሆነ። እዚያ ላይ አንድ ወንበር ተከለ። ወንበሩ ለዐብዲራዛቅ ነው፤ እሱ ራሱ ከግድግዳው ጋር ተለጥፎ ግማሹን ይሰማል። እንዲህ ያለ ፍቅር የት ይገኛል? ነገር ግን ወንበሩ ፊቱን ወደ ጥሩምባዎቹ፣ ጀርባውን ወደ ሣህሉ ነበር። የመጨረሻውም ሕግ ወጣ፤ ሸክላው እየዞረ ወሬ የለም።

«አቦ፣ ወላሂ እውነቱን ልንገርህ» አለ ዐብዲራዛቅ አንገቱን አዙሮ፣ ላቡን በፎጣ እየጠረገ። «ከዚያ ምሰሶ ሥር ስንቀመጥ መች ዘፈን ሰምተን እናውቃለን? ስናወራ አይደል እንዴ ባቡሩ እንኳ ገብቶ የማናየው?»

«ሽሽ!» አለ ሣህሉ። «አሁን፣ አሁን ክራሩ ሊገባ ነው።»

«እሺ አቶ ሣህሉ። እርስዎ እንዳሉ።»

አንቱታ በማታውቅ ከተማ፣ ከሳምቡሳ ዘመን ጓደኛ አፍ «እርስዎ» ሲወጣ ጆሮ ያለው ሰው ይደነግጥ ነበር። ሣህሉ ክራሩን እየሰማ ነበር።

በዚያው ሳምንት ዐብዲራዛቅ ከወትሮው ቀደም ብሎ መጣ። ሽርጡን ትቶ ሱሪ ለብሷል። ሸበጡን በር ላይ አውልቆ ገባና ከወንበሩ አጠገብ ቆመ።

«ሣህሉ፣ ዛምዛም መኪና ልካለች። ዛሬ ማታ መልስ ትፈልጋለች…»

የሣህሉ ልብ ዘለለ። ያን ቀን ግን ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ ነበር፤ ጥሩምባው ለመጨረሻ ጊዜ ተልጓል፣ ሸክላው ታጥቧል፣ መርፌው ተቀይሯል። በዚያ ላይ የመረጠው ዘፈን ያ የጣቢያው ዘፈን ነው። አንድ ጊዜ ይስማው፤ ሲያልቅ ያችን አጭር ቃል እነግረዋለሁ፤ ደግሞም ከሰማው መናገሩም አያስፈልግ ይሆናል ብሎ አሰበ።

«ከዘፈኑ በኋላ» አለና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

ዐብዲራዛቅ ወንበሩን አየ። ተቀመጠ። መርፌው ሸክላው ላይ አረፈ፤ «ክርርር» አለ ጥሩምባው፣ ልክ እንደ ድሮው። ሣህሉ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ፍራሽ ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። ዘፋኟ ትንፋሽ ሳበች። ዝገት የለ፣ አቧራ የለ፤ ድምፁ እንደ ምንጭ ውኃ ጠርቷል። «አትሂድ» አለ በልቡ፣ እየተለማመደ። «አትሂድ፣ አንተ ሰው። ቅር ይለኛል።» ጥሩ አድርጎ አጠናት፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ሳይንተባተብ ይላታል።

ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል ፊቱን ትኩስ ነፋስ ነካው፤ የባጃጅም ድምፅ ተሰማው። ማነው በሩን የከፈተው ብሎ በንዴት ዓይኑን ገለጠ።

ወንበሩ ባዶ ነው። ዐብዲራዛቅ በሩ ላይ ደርሷል፤ ሸበጦቹ እንዳያንኳኩ በእጁ ይዟቸዋል፣ በባዶ እግሩ ጣቶች ቀስ እያለ ይራመዳል። ዞር ብሎ አየው። የቤቱን ሕግ አክብሮ ምንም አላለም። በሩን ሲጢጥ እንዳይል በሌላው እጁ ይዞ ከውጭ ዘጋው።

የሣህሉ ጣት ገና ከከንፈሩ ላይ አልወረደም ነበር።