ሆዳን ቶሎ ያልተረጎመችው ቃል

ዛሬ ሸደር የስደተኞች ጣቢያ አስተርጓሚያችን ሆዳን በስብሰባ መሃል መተርጎም አቆመች።

በጣቢያው በር አጠገብ ሻይና ሽንኩርት የሚሸጡ ሴቶች መደባቸው ይፈርስ እንደሆነ ሊሰሙ ተሰብስበዋል። ከውጭ የመጣው እንግዳ በእንግሊዝኛ «መደቦቹ ሳንክሽን ተደርገዋል» አለ።

እኔ ይህን ቃል የማውቀው ከዜና ነው፣ ማዕቀብ ሲጣል። ቃለ ጉባኤው ላይ ወዲያው «ተከልክሏል» ብዬ ጻፍኩ። ጽሑፌ ደግሞ ሲያምር።

ሆዳን ግን ወደ እንግዳው ዞራ «ያንን ቃል ይተዉትና በሌላ ይንገሩኝ» አለችው።

ሰውየው ፊቱ ቀላ። «ተፈቅዶላቸዋል ማለቴ ነው» አለ።

ያኔ ነው በሶማሊኛ የነገረቻቸው። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ወደ ጅግጅጋ ስንመለስ መኪና ውስጥ «ቃሉን አታውቂውም ነበር እንዴ?» አልኳት።

«ሁለቱንም ፍቺ አውቃለሁ። ለዚህ እኮ ነው የጠየቅኩት» አለችኝ።

አባቷ የጎሳ ሽማግሌ ነበሩ። እሳቸው በሚቀመጡበት ሸንጎ፣ የሰማኸውን ለተናጋሪው መልሰህ ነግረኸው «አዎ፣ ያልኩት ይህንን ነው» ሳይልህ መልስ መስጠት ነውር ነው አለችኝ።

እኔ ስንት ዓመት እንግሊዝኛ ስማር ነውር ነው ብዬ የያዝኩት «አልገባኝም» ማለትን ነበር።

እናንተስ፣ ሳይገባችሁ ራሳችሁን የነቀነቃችሁበት ቀን የለም? እስቲ ጻፉልኝ። እኔ እስከዚያ «ተከልክሏል» የሚለውን ልሰርዝ።