በቃላት ብቻ ይጫወት የነበረው ቡድናችን

ቅዝቃዜው ገብቶ የቤቴ ማሞቂያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ የሚወጣው የተቃጠለ አቧራ ሽታ፣ ሁልጊዜ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ወደነበረው አፓርታማችን ይመልሰኛል። አባቴ የሹትል፣ ማለትም የእንግዳ ማመላለሻ መኪና፣ ሾፌር ሆኖ ይሠራበት የነበረው ሆቴል አሮጌ ኮምፒውተሮቹን ሲያስወግድ አንዱን ለምኖ አምጥቶልኝ፣ ሳሎኑ ጥግ፣ ማሞቂያው አጠገብ አስቀምጦት ነበር። ሥዕል ያለው ጌም ሲጫንበት ቀጥ ይል ስለነበር፣ የምጫወተው ጽሑፍ ብቻ የሆነ የፉትቦል ጌም ነበር፤ ፉትቦል ስል አሜሪካኖች ኳሱን በእጅ ይዘው የሚሮጡበትን ነው።

በዚያ ጌም ሣርም ሯጭም አይታይም። የቡድኑ ኃላፊ እኔ ሆኜ ተጫዋች እመርጣለሁ፣ ዕቅድ አወጣለሁ፣ ከዚያ ቁልፍ በተጫንኩ ቁጥር አንድ አጭር መስመር ይመጣል፦ «ኳሱ ተወረወረ። ተቀለበ። አሥራ ሁለት ያርድ።» እናቴ «ሜዳ የሌለው ኳስ! እንዲያው ምኑን ነው የምታይው?» እያለች ትስቅብኝ ነበር። አባቴ ግን ስክሪኑ ላይ ቁጥር ተደርድሮ ስለሚያይ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ሒሳብ ላይ ናት፣ አትረብሿት» ይል ነበር።

አንድ የክረምት ቅዳሜ፣ በረዶ ቤት ባዋለን ቀን፣ ሒሳብ እንዳልሆነ ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና «እስቲ አንብቢልኝ» አለኝ። እየተረጎምኩ አነበብኩለት። «እኛም እኮ ኳስ ያየነው በሬዲዮ ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጨዋታ አስተላላፊው እኔ ነበርኩ። በሌላ ጊዜ በአማርኛ ሲጠይቀኝ በእንግሊዝኛ የምመልስ ልጅ፣ ጨዋታው ሲጀመር ግን አማርኛዬ እየተፈታ ይሄድ ነበር።

በጸደዩ በኢንተርኔት ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር የዚያው ጌም ሊግ ውስጥ ገብቼ፣ ኃላፊው ጥሎት የሄደ፣ የሊጉ ጭራ የነበረ ቡድን ተረከብኩ። የሊጉ አስተዳዳሪ ያስቀመጠው ሁኔታ ግልጽ ነበር፦ በመጀመሪያው ዓመት ወደ ጥሎ ማለፉ ካልገባሁ ቡድኑ ተራ ለሚጠብቅ ሌላ ሰው ይሰጣል። በጋውን ወጣት ተጫዋቾች ስመለምል ከረምኩ፣ ቡድኑም እየተነሣ መጣ፤ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ግን ስክሪኑ «ኳርተርባኩ ጉልበቱን ተጎድቷል፤ በዚህ ዓመት አይመለስም» አለኝ። ኳስ ወርዋሪ የሌለው ቡድን አለቀለት ማለት ነው።

ኦሃዮ የሚኖር አንድ የቡድን ኃላፊ ሁለት ጥሩ ወርዋሪዎች ስለነበሩት፣ አንዱን በተከላካይ እንዲለውጥልኝ በአንድ መስመር ጻፍኩለት። «አይሆንም» ብሎ መለሰ። አባቴ መልእክቴን አስነብቦኝ ራሱን ያዘ።

«ሰውየውን ሳትጠይቂ ዕቃውን ትጠይቂያለሽ? ሽማግሌ እንኳን ሲላክ ጉዳዩን በር ላይ አይናገርም!»

«አባዬ፣ እዚህ እንደዚያ አይጻፍም።»

«እንግዲያው አንቺ ጀምሪያ!»

እሱ እየነገረኝ፣ እኔ ወደ እንግሊዝኛ እየመለስኩ፣ የሰውየውን ጤንነት፣ የቤተሰቡን ደኅንነት፣ የአገሩን ብርድ ጠይቀን፣ ስለ ተጫዋች አንድም ቃል ሳናነሣ ላክን። ሰውየው ከእኛ የረዘመ መልስ ጻፈ፤ እናቱ ሆስፒታል እንደነበረች፣ በዚህ ሊግ እንዴት ነህ ያለው ሰው እንደሌለ ነገረን። አባቴ «እግዜር ይማራት በይው» ብሎ አስጻፈኝ፣ ሌላም መልስ መጣ። በመጨረሻ ጉዳዩን ያነሣው ራሱ ነበር፦ «ስለዚያ ተጫዋች ጠይቀሽኝ አልነበር?»

ጥሎ ማለፉ በመጨረሻው ጨዋታ ላይ ተንጠለጠለ። ሰዓቱ ሊያልቅ ነው፣ እየተመራን ነው፣ የቀረን አንድ ሙከራ ብቻ ነው። ጣቴ ቁልፉ ላይ ደረቀ።

«ተጫኚው እንጂ!» አባቴ ቆሟል።

«ቆይ፣ አባዬ!»

«ምን ያስቆይሻል? ልጆቹ ሜዳ ላይ ቆመውልሽ!»

ስትስቅብኝ የነበረችው እናቴ እጇን እየጠራረገች ከኩሽና ሮጣ መጣች። «ምን አለ? ምን አለ?»

ተጫንኩት። ከኦሃዮ የመጣው ልጅ ወረወረ፤ ተቀለበ፤ ገባ። ቡድኑ የእኔ ሆኖ ቀረ። አባቴ ወዲያው ከእኛ ብዙም ሳይርቅ፣ እዚያው አሜሪካ አሌክሳንድሪያ ላለው ጓደኛው ደውሎ «ልጄ እኮ አሰልጣኝ ሆነች!» አለው፤ የምን አሰልጣኝ ብሎት መሆን አለበት፣ «የፉትቦል ነዋ! ያውም የአሜሪካኖቹን!» ብሎ ጮኸ።

ዛሬ ሥራዬ ዘገባ ነው። በትልልቅ ስታዲየሞች የጋዜጠኞች ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ፤ የዛሬዎቹ ጌሞችም የተጫዋቹን ላብ ሳይቀር ያሳያሉ። ያየሁት ግን ቶሎ ይጠፋብኛል። የዚያን እሑድ ጨዋታ ግን ኳሷ የገባችበትን ጥግ፣ ማልያው ላይ የተለጠፈውን ጭቃ፣ ሁሉንም አየዋለሁ። ለእውነቱ ያህል፣ ፕሮግራሙ ስለ አየር ጠባይ አንድም ቃል አይጽፍም ነበር። በቅርቡ ይህንኑ ለአባቴ ብነግረው፣ በመገረም አየኝና፣

«ተይ እንጂ፣ ያ ዝናብ ባይኖር ኖሮ መች እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ይመሩን ነበር!» አለኝ።