ሥሩ ገደለው ያልኩ ዕለት

ቁጣ የሚባል ነገር አላውቅም የሚል ሰው ሲገጥመኝ ይገርመኛል። የኔ እጅ ከሐሳቤ ይቀድማል። ገና ልጅ ሆኜ፣ ከብት ውሃ ስናጠጣ በተራ ተጣልቼ የሰው ጥርስ አውልቄአለሁ። ከሚሴ መነኸሪያ ከአንድ የሚኒባስ ረዳት ጋር ተናንቄ ሁለታችንም ጣቢያ ውለናል። እናቴ «ይህን እጅህን አላህ ይያዝልህ» ትለኝ ነበር። አልያዘልኝም። ጨፋ ሮቢት ገበያ መሀል አንድ ሽማግሌ የደበደብኩትም በዚሁ እጄ ነው።

ነገሩ ከታላቅ ወንድሜ ይጀምራል። «አያ» ነው የምለው፤ በኛ አገር ታላቅ ወንድም በስሙ አይጠራም። አባታችን ሲሞት ያሳደገኝ እሱ ነው። ማሽላ አርሶ፣ በሬውን ሸጦ አስተማረኝ። ተምሬ ትልቅ ከተማ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ውስጥ ሥራ ያዝኩ። የባህል መድኃኒት የሚመረመርበት ክፍል ነው። ቅጠሉንና ሥሩን ጥላ ላይ አደርቃለሁ፣ እወቅጣለሁ፣ በአልኮል እዘፈዝፋለሁ፣ አጠልላለሁ። የሚቀረውን ጥቁር ዝልግልግ ነገር አለቃዬ፣ ዶክተሯ፣ በቲቢ ጀርም ላይ ትሞክረዋለች። ጀርሙ ደግሞ ቀርፋፋ ነው፤ እስኪያድግ ሳምንታት ይፈጃል። ለኔ ዓይነቱ ችኩል መከራ ነው።

እዚያ ሥራ ላይ እያለሁ አያን ራሱን ቲቢ ያዘው። አክታው ተመርምሮ የስድስት ወር ኪኒን ተሰጠው። ኪኒኑ ሆዱን አገላበጠው፣ ሽንቱን አቀላው፤ «ደም እየሸናሁ ነው» እያለ ይሰጋ ነበር። አያ በሚኖርበት በጨፋ ሸለቆ ሳል የሚያክሙ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ አገሩ ሁሉ «አባባ» የሚላቸው። ጎህ ሲቀድ ፈጅር ሰግደው፣ ከሰው ጋር ቃል ሳይለዋወጡ ወጥተው አንድ ሥር ይቆፍራሉ። የተክሉ ስም ከተነገረ ኃይሉ ይጠፋል ብለው ስለሚያምኑ ማንም እንዳይለየው ከሌላ ቅጠል ጋር ወቅጠው ነው የሚሰጡት። አያ ከኪኒኑ ጎን ለጎን የሳቸውን ሥር በማር መጠጣት ጀመረ።

ለምርመራው እንዲሆነኝ ያልተወቀጠውን ሥር ለምኖ ያስገኘልኝም እሱ ነው። አባባ ከዶክተሯ በቀር ለማንም እንዳልናገር በቁርአን አስምለውኝ ሰጡኝ። ስለዚህ ስሙን እዚህም አልጽፍም።

ሳምንታት ጠብቀን ሳህኖቹን ከፈትን። ምንም ባልተጨመረበት ላይ ጀርሙ ተንሰራፍቷል። የሥሩ ጭማቂ ባለበት ላይ አንድም የለም። ጠረጴዛውን በጡጫ ነረትኩት፤ አንድ ብልቃጥ ወድቆ ተሰበረ። ዶክተሯ ተቆጣች።

«ምን ሆነሃል? በረኪናም ብርጭቆ ውስጥ ይገድለዋል። በረኪና ለሰው ታጠጣለህ? ገና እንስሳ ላይ እንኳ አልሞከርነውም።»

ስብርባሪውን ጠራርጌ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁና ወደ ቤት ደወልኩ።

«አያ! አጄሴ! ሥሩ ገደለው፣ ወላሂ በዓይኔ አይቻለሁ!»

ሳቀ። ከታመመ ጀምሮ እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። «አልሃምዱሊላህ» አለና ለሚስቱ ሊነግራት ስልኩን ዘጋው። የበረኪናውን ነገር አልነገርኩትም። ደስታውን ማበላሸት መሰለኝ። ካፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ከወራት በኋላ ሚስቱ ደወለች። አያ ደም እየተፋ ነው፤ ኪኒኑንም ካቆመ ቆይቷል። ማን አስቆመው ብዬ እንኳ አልጠየቅኋትም። አንዳንድ አዋቂዎች «ከኔ መድኃኒት ጋር ሌላ አይቀላቀልም» ሲሉ ስለሰማሁ ወዲያው በአባባ ላይ ፈረድኩ። ደሜ ፈላ። አውቶቡስ ውስጥ መንገዱን ሙሉ ጥርሴን ሳፋጭ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ወንበር ቀየረ።

ጨፋ ሮቢት ስወርድ የገበያ ቀን ነበር። የአያ ቤት ከገበያው ጀርባ ነው፤ ቀጥ ብዬ ወደ እሱ መሄድ ነበረብኝ። እህል ተራ ላይ አባባን አየኋቸው፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። «አካም ጅርታ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ እጃቸውን ዘረጉልኝ። አፋቸውን በቡጢ መታሁት።

ወደኋላ ወደቁ። ከዘራቸውን ነጠቅሁና ፊታቸውን ሊከልሉ ያነሱትን ክንድ መታሁት። አጥንቱ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁ። ያኔም አልበቃኝም። «ወንድሜን የገደለው ይሄ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ሰው ግር ብሎ መጣ። ሽማግሌው አክመውት ያልዳነ ዘመድ የነበረውም፣ ጠብ የናፈቀውም፣ ምን እንደተፈጠረ የማያውቀውም መጣ። አንዱ ጎናቸውን ረገጣቸው። አንዱ ድንጋይ አነሳ። የበሬ መንጃ ዱላ ከሰው ራስ በላይ ሲነሳ አየሁና ያን ጊዜ ገና ፈራሁ። «በቃ፣ በቃ!» እያልኩ ለመግባት ስታገል የአንዱ ክርን ደረቴን መትቶ አስወጣኝ። እኔ የጀመርኩት ድብደባ እኔን አልሰማ አለ። አባባ ከእግር ሥር ሆነው እንደሚሞት ሰው ሸሃዳ ሲሉ ይሰማኛል።

ለአያ ማን እንደነገረው አላውቅም። አፉን በሻሽ ጠምጥሞ፣ ሚስቱን ተደግፎ መጣ። እንዴት ከስቷል! ጋቢው ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም። ሚስቱን ለቀቃት፣ በሰው እግር መሀል ሾልኮ ገባና ሽማግሌው ላይ ተደፋ። ሁለት ዱላ ጀርባው ላይ አረፈ።

«ዲሳ! ተዉአቸው!» አለ፤ ድምፁ ግን አልወጣም። ሻሹ በደም ራሰ። ደሙን ሲያይ ሰዉ በሽታውን ፈርቶ ይሁን አፍሮ ተበተነ። ያ ደም ከሳንባው ይሁን ከዱላው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጎትቼ አስቀመጥኩት። ትንፋሹ እስኪመለስ ቆየና «ምን አጠፉ?» አለኝ።

«ኪኒንህን አቁም ብለውህ የለም እንዴ!»

«እሳቸው? እሳቸውማ ኪኒኑን ከተውክ ሥሩን አልሰጥህም እያሉ የኪኒኑን ባዶ ማሸጊያ ሳይቀር ያዩ ነበር። ኪኒኑን እየወረወርኩ ባዶውን እያሳየሁ ዋሸኋቸው።» አሳለው፣ ደም ተፋ፣ ቀጠለ። «በስልክ ገደለው ያልከኝ አንተ ነህ። ጀርሙ ከሞተ በኋላ ምን ብዬ ልዋጥ?»

ተቆጥቶ አልነበረም የተናገረው፤ የገባውን ነው የነገረኝ። ሚስቱ ግን እህል መስፈሪያ ጣሳ አንስታ ግንባሬን ፈነከተችኝ። አልከለከልኳትም።

ፖሊስ ወሰደኝ። አባባ አልከስም ስላሉ፣ ጉዳዩ ለአገር ሽማግሌዎች ይተላለፍ ተብሎ ተለቀቅሁ። አያን ይዤ ሆስፒታል ገባሁ። ጀርሙ የመጀመሪያውን ኪኒን ተላምዶታል አሉን፤ ከባድና ረጅም የሆነው ሕክምና ተጀመረ። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ አስታመምኩት። ሾርባ በማንኪያ አጎርሰው ነበር። መድኃኒት ዘገየ ብዬ ከነርስ ጋር ተሰዳደብኩ፣ የኦክስጅን ክፍል በር በእርግጫ መታሁ፣ ከጥበቃ ጋር ተያያዝኩ። አያ አልጋው ላይ ሆኖ «ተው እንጂ፣ ተቀመጥ» ይለኛል። እቀመጣለሁ። ያየኛል፤ የሆነ ነገር የሚጠብቅ ይመስለኛል። እኔ ትራሱን አስተካክልና ስለ በሬዎቹ አወራዋለሁ።

ሕክምናውን ሳይጨርስ ሞተ።

በሦስተኛው ቀን አባባ ለቅሶ ቤት መጡ። ክንዳቸው ተጣሞ ገጥሟል፤ ከዚያ ወዲህ መቆፈሪያ አልያዙም ተባለ። ድንኳኑ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«አባባ፣ አፉ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ።»

በደህናው እጃቸው ራሴን ዳበሱኝ። «የክንዴን አፉ ብዬሃለሁ፣ ልጄ። ያንን በገበያው ቀን ነው የተውኩት። የወንድምህ ሐቅ ግን በኔ እጅ አይደለም። እሱ አፉ ብሎሃል?»

የአያ ሚስት ከሴቶቹ መሀል ቀና ብላ አየችኝ።

«አልጠየቅሁትም» አልኳቸው።