በረዶ የበላሁበት ቀን

ሬዲዮው "በአርሲ ደጋማ ቦታዎች ነጎድጓድና በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይጠበቃል" ሲል ጥርሴን በረደኝ።

በልጅነቴ ሳጉሬ አጠገብ ስንኖር ሬዲዮ አልነበረንም፤ የሚተነብይልን አባቴ ነበር። የጭላሎን ተራራ አየት አድርጎ ይናገራል፤ እግዜርም ሰምቶ ተቃራኒውን ያደርጋል። ያን የግንቦት ጠዋት "ዛሬ ጠብ አትልም" አለ። የበልግ ገብሳችን አሽቷል፤ የዓመት ቀለባችን እሱ ብቻ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ተቀደደ። በረዶው የዶሮ እንቁላል ያህል ነበር። እናቴ ዛሬ በሕይወት ብትኖር "ሽምብራ ነው፣ አትዋሺ" ትለኝ ነበር። በእኛ ሰፈር የበኩር ልጅ በረዶ ከበላ በረዶው ይቆማል ይባላል። ጎረቤታችን እትዬ ከዲጃ "ኧረ የበኩር ልጅ ያላችሁ አውጡ፣ አገር ጠፋ!" ብለው ጮኹ።

የቤታችን ታላቅ እኔ ነኝ። ዘልዬ ወጣሁና በእፍኜ እየዛቅሁ ቆረጣጠምኩት። በበላሁ ቁጥር ባሰበት።

"አባባ፣ ግማሹን ሰማይ ጨረስኩት!" ብዬ ሳቅሁ። ማንም አልሳቀም፤ ገብሱ መሬት ላይ ተኝቷል።

እናቴ እጄን ያዘች። "ይብቃሽ ልጄ፤ አንቺ አይደለሽም" አለችኝ።

"ዝም በይ!" አላት አባቴ።

እኔ የበላሁት ያነሰ መስሎኝ "ልጨምር?" አልኩ።

ከእኔ በፊት አንድ ወንድ ልጅ ተወልዶ መሞቱን የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

አሁን በረዶው ቆርቆሮውን ይደበድባል። ወጥቼ አንድ ፍሬ አፌ ውስጥ ከተትኩ። የሬዲዮው ትንበያ ልክ ነው፤ አልቆመም።