አንገቱ የዘመመው ጠርሙስ

ጠርሙስ መለየት ያስተማረኝ ባለቤቴ ነው። አሰበ ተፈሪ ገበያው ዳር አንዲት ጠባብ የቆርቆሮ ሱቅ ነበረችን። ያገለገለ ጠርሙስ እንገዛለን፣ አጥበን እንሸጣለን። አብዛኛው ለላምባ፣ ለዘይትና ለማር የሚሄድ ተራ ጠርሙስ ነው። አልፎ አልፎ ግን ከመካከሉ አሮጌ ይወጣል፤ ጣሊያን ትቶት የሄደ ወይም በባቡር ከጅቡቲ የመጣ የፈረንሳይ። እንዲህ ያለውን ለብቻው እናስቀምጣለን። ድሬዳዋ ላይ አሮጌ ዕቃ ለፈረንጅ የሚሸጥ አንድ ሰው ነበር፤ እየመጣ ይወስድልናል።

ባለቤቴ የቡና መኪና ረዳት ነበር። መቻራና በደሳ ሲመላለስ በየገበያው ጠርሙስ ይለቅማል። ሲመለስ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ ያመጣውን ምንጣፍ ላይ ይደረድርና በይ ንገሪኝ ይለኛል። መጀመሪያ ጎኑን በጣትሽ ዳብሺ ይላል። የጎኑ ስፌት፣ ማለት የመጋጠሚያው መስመር፣ ከታች ተነስቶ አፉ ድረስ ከዘለቀ ማሽን የጨረሰው ነው፣ አዲስ ነው። አንገቱ ላይ ሲደርስ ከጠፋ ግን አፉን ያበጀው ሰው በእጁ ነው፤ ዕድሜ አለው። ቀጥሎ ወደ ብርሃን አንሺው፤ ውስጡ አረፋ ካለ፣ ቂጡም ወፍራምና ወጣ ገባ ከሆነ ጥሩ ነው። የፀሐይ ብዛት ቀለሙን ወይን ጠጅ ያስመሰለውም እንደዚያው። ዋጋ የሚጥለው የተሸረፈ አፍ ነው፤ በጠጠርና በአመድ ቢታጠብ የማይለቅ ጭጋግ ነው፤ ከሌላ ጠርሙስ የተዋሰ ክዳን ነው።

ስሳሳት አይስቅብኝም። ሳገኘው ግን ለእናቱ ሄዶ ያወራል። እናቱ አብረውን ይኖሩ ነበር። አዮ እላቸዋለሁ፤ በኦሮምኛ እናቴ እንደማለት ነው። ልጅ አልወለድንላቸውም፤ ቢሆንም አንድ ቀን ፊት ነስተውኝ አያውቁም።

አንድ ጊዜ ባለቤቴ ከበደሳ አንድ አረንጓዴ የውሃ ጠርሙስ ይዞ መጣ። ስፌቱ አንገቱ ሥር የሚያልቅ፣ አረፋ የሞላበት፣ ደህና አሮጌ ነበር። ግን አንገቱ ወደ አንድ ጎን ዘመም ብሏል፤ ትከሻው ላይ ደግሞ የጤፍ ፍሬ የምታህል ጥቁር ነገር ጠርሙሱ ሲሠራ መስታወቱ ውስጥ ቀርታለች። የድሬዳዋው ሰው አገላብጦ አየውና እንከን ያለበት አልወስድም አለ። ባለቤቴ ጭራሽ ደስ አለው። እንግዲያው የእኔ ነው ብሎ የመንገድ ውሃ መያዣ አደረገው። እኔም እንዳይሰበርበት ከጆንያ ልብስ ሰፋሁለት።

ሶማሊያ የገባች ጊዜ መኪናው ከነሾፌሩና ከነረዳቱ ለጦሩ ስንቅ እንዲያመላልስ ታዘዘ። የሄደ ቀን የተለየ ነገር አልተባባልንም። ጎማ ሲያዩ፣ ጭነት ሲያስሩ አረፈዱ። አዮ መርቀው ሸኙት። እኔ ጠርሙሱን ሞልቼ አቀበልኩትና እጁን ያዝ አደረግሁት። ይኸው ነው።

ጦርነቱ አለቀ። የሄደ ሰው እየተመለሰ ገባ፤ አንዱ በእግሩ፣ አንዱ በዱላ። የእኛ ሰው አልመጣም፤ ሾፌሩም አልመጣም። የጦሩ ቢሮ ሄደን ስንጠይቅ ወሬው ሲደርሰን እንነግራችኋለን ይሉናል። አዮ ከሚኤሶ በኩል መኪና ሲመጣ ከሰሙ ወጥተው አስፋልቱ ዳር ይቆማሉ። መኪናው ሲያልፍ ነጠላቸውን አስተካክለው ይመለሳሉ። እኔ ሱቄን ቀጠልኩ። ከየገጠሩ ጠርሙስ የሚለቅሙ ሴቶች ለእኔ ነበር የሚያመጡት፤ በዚያ አካባቢ ሌላ የሚገዛ አልነበረም።

አንድ የገበያ ቀን ከእነዚህ ሴቶች አንዷ ከመቻራ በኩል ያመጣችውን ጆንያ ሱቄ ውስጥ ዘረገፈች። ጎንበስ ብዬ ስለይ እጄ አንድ አንገት ላይ አረፈ። እጄ ከዓይኔ በፊት አወቀው። ይዤው ብድግ ብዬ በሩ ላይ ወጣሁ። ሌላም አንገቱ የዘመመ ጠርሙስ ይኖራል ብዬ ራሴን ተሟገትኩ። ከዚያ እንዳስተማረኝ አደረግሁ። ስፌቱን ዳበስኩ፤ አንገቱ ሥር አለቀ። ወደ ፀሐይ አነሳሁት፤ አረፋው አለ። ትከሻውን አዞርኩ። ያቺ ጥቁር ነጥብ ቦታዋ ላይ ነበረች። የሰፋሁለት ልብስ የለም፤ ጠርሙሱ ላምባ ላምባ ይሸታል።

ሴትየዋ ደንግጣ ምን ሆንሽ አለችኝ። ከማን ገዛሽው ብዬ ጠየቅኋት። መቻራ፣ ልጃቸው ከጦር ሜዳ አንካሳ ሆኖ ከተመለሰላቸው አንዲት እናት ነው አለችኝ። ቤታቸውን እንድትነግረኝ ለመንኳት።

ለአዮ የጠርሙስ ገበያ ልሄድ ነው አልኳቸውና በቡና መኪና ተሳፈርኩ። በደሳ ስንደርስ ወርጄ ልመለስ ቃጣኝ። እስካላወቅሁ ድረስ በሕይወት አለ። ግን አልወረድኩም።

ልጁ ቤቱ በራፍ ላይ ምርኩዙን አጠገቡ አጋድሞ ተቀምጧል። ሰላም ከማለቴ በፊት እጄ ላይ ያለውን ጠርሙስ አየና አንገቱን ደፋ።

«እህቴ፣ ጠርሙስ ሻጯ አንቺ ነሽ?» አለኝ።

«ነኝ» አልኩት።

ቁጭ በይ አለኝና ነገረኝ። ልጁ ባለቤቴ የነበረበት መኪና ላይ፣ ከጭነቱ በላይ ተሳፍሮ ነበር። መኪናው ፈንጂ ረገጠ። ሾፌሩ እዚያው አለቀ። የልጁ እግር ሄደ፤ ባለቤቴ ሆዱ ላይ ተመታ። ሁለቱንም አንድ ግራር ሥር አስተኟቸው። ጠርሙሱ በጆንያው ልብስ ምክንያት አልተሰበረም ነበር። ልብሱን ፈተው የልጁን እግር አሰሩበት። ቁስለኛ የሚያየው ሰው፣ ሆዱ ለተመታው ውሃ እንዳትሰጡት ብሎ አለፈ። ባለቤቴ በጣም ጠምቶት ከንፈሩ ደርቆ ነበር አለኝ። ቢሆንም ጠርሙሱን በእጁ እየገፋ ወደ ልጁ አስጠጋለት።

«አንተ ጠጣው፣ ለእኔ ተከልክሏል አለኝ» አለ ልጁ። «ጠጣሁት። እያየኝ ጠጣሁት። ከዚያ ስለዚህ ጠርሙስ አወራኝ። እንከን አለበት ብለው አንገዛም አሉኝ፣ እኔ ግን እወደዋለሁ፣ ሚስቴ አሰበ ተፈሪ ጠርሙስ ትሸጣለች፣ ብታየው ታውቀዋለች አለኝ። የከሰዓቱ የአስር ሶላት ሳይደርስ አረፈ።»

የት እንደቀበሩት ጠየቅሁት። የቦታውን ስም አያውቅም፤ እሱን ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ወስደውታል። ጠርሙሱን ላመጣልሽ ነበር አለኝ። መንገድ እጀምርና እመለሳለሁ፤ ምን ብዬ በርሽን ላንኳኳ? አለኝ።

እናቱ በሩ ጥግ ቆመው ይሰሙ ነበር። «የሸጥኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ልጄ ጠርሙሱን እያየ እህል አልቀምስ አለኝ። ከቤቴ ይውጣልኝ ብዬ ነው። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ፣ ልጄ።»

እኔም ልጅ ቢኖረኝ ጠርሙሱን እሸጠው ነበር። አቅፈውኝ አለቀስን። አሳድረው፣ ስንቅ አስይዘው ሸኙኝ።

አሰበ ተፈሪ ገብቼ፣ የውሃውን ነገር ብቻ አስቀርቼ፣ ሌላውን ሁሉ ለአዮ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ «አንቺ ያየሽው ጠርሙስ ነው። ልጄን አላየሽም» አሉኝ።

በአንድ ቤት ውስጥ እኔ የባል ሐዘን ዒዳ ተቀመጥኩ፣ እሳቸው መንገድ መጠበቃቸውን ቀጠሉ። ለቅሶ ሊደርስ የመጣውን ሰው በር ላይ ያገኙትና ኢንሻአላህ ይመጣል፣ አትጨነቁ ይሉታል። ሰው ግራ ይገባዋል። ጮክ ብሎ እንዳያጽናናኝ እሳቸው አሉ፤ ዝም እንዳይል እኔ አለሁ። ጥቂት ተቀምጦ ይሄዳል። ባሌን ጮክ ብዬ አላለቀስኩትም፤ እናቱ ይሰማሉ ብዬ።

ወንድሜ ከሂርና መጥቶ ገና ወጣት ነሽ፣ ነይ እዚያ ታገቢያለሽ አለኝ። አዮ ቡና ሲያቀርቡለት እንዳልሰሙ ሆኑ። ለእሳቸው እኔ በሕይወት ያለ ልጃቸው ሚስት ነኝ። ጥዬ ብሄድ ሞቷል ብዬ በግድ መንገሬ ነው። አልሄድኩም። ስንት ክረምት አብረን እንደኖርን መቁጠሩን ትቼዋለሁ።

በመጨረሻው ክረምት ታመሙ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጓሮ ጠርሙስ ሳጥብ ከመኝታቸው ጠሩኝ። እጄ እንደረጠበ ገባሁ።

«ልጄ ሲሞት ውሃ ጠምቶት ነበር?» አሉኝ።

መዋሸት እችል ነበር። «ጠምቶት ነበር፣ አዮ። የያዘውን ግን ለሌላ ሰው ሰጠ» አልኳቸው።

«አባቱም እንደዚያ ነበር» ብለው አለቀሱ። አብረን ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስንለት። በማግስቱ ጎረቤት ጠርተን ዱዓ አስደረግን። ከዚያ በኋላ መኪና ቢመጣም ውጭ አልወጡም፤ ያችንም ክረምት አልጨረሱም።

ከቀብራቸው በኋላ ወንድሜ እንደገና መጣ። አሁንስ ማን ቀረሽ አለኝ። ሱቋን ለቅቄ ሂርና ገባሁ። እዚያ እሱን የሚያውቅ ሰው የለም። ሲጠይቁኝ የመኪና ረዳት ነበር፣ በጦርነቱ ሞተ እላለሁ። አላህ ይዘንለት ይላሉ፤ ከዚያ ስለ ዝናቡና ስለ ጫቱ ያወራሉ፤ እኔም አብሬያቸው አወራለሁ።