እርግጠኛ ነሽ?

አየር ጤና ታክሲ ተራው አጠገብ፣ የመኪና ዕቃ መሸጫዎች ያሉበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ የኔትወርክ ኮርስ እንማራለን። ከታች ጋራዥ አለ፤ ቀኑን ሙሉ ላሜራ ይቀጠቀጣል። መስኮት ስንከፍት ድምፁ፣ ነፋሱ ከቆሼ ቆሻሻ መጣያ በኩል ሲመጣ ደግሞ ሽታው ስለሚገባ ዘግተን ነው የምንቀመጠው። ለመለማመጃ ያለን እውነተኛ ራውተር፣ ኔትወርኮችን የሚያገናኘው ሣጥን፣ አንድ ብቻ ነው። ጥጉ ተጨርምቷል፤ ማራገቢያው እንደ አሮጌ ወፍጮ ይጮኻል።

አስተማሪያችን በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ መሥሪያ ቤት የኔትወርክ ቴክኒሻን ነበሩ፤ እኛ ጋሼ እንላቸዋለን። የሚያስተምሩበት መንገድ የራሳቸው ነው። ራውተሩን ሆን ብለው ያበላሹትና አንዱን ተማሪ አስነስተው እንዲጠግነው ያደርጉታል። ተማሪው የጻፈውን ትእዛዝ፣ ኢንተር ከመጫኑ በፊት፣ ጮክ ብሎ መናገር አለበት። ተናግሮ ሲጨርስ ክፍሉ በሙሉ «አሜን» ይላል። ትክክል ቢሆንም አሜን ነው፤ ስህተት ቢሆንም አሜን ነው። ግማሾቻችን ከሙስሊም ቤት የመጣን ነን፤ ከቀሩት ጴንጤዎቹ ይበዛሉ። አሜን ለማለት ግን ማንም ተቸግሮ አያውቅም። ከአሜኑ መልሱን ማወቅ እንዳይቻል ሁላችንም በአንድ ድምፅ ማለት አለብን። አብሮ የሚስቅ አለ፤ የሚያጨበጭብም አለ። ጋሼ ይህን አይከለክሉም።

«ደንበኛ ጋ ስትሄዱ ማንም አይነግራችሁም» ይላሉ። «ይስቁባችኋል እንጂ አይነግሯችሁም። እዚሁ ልመዱት።»

እኔ አልለመድኩትም። የመጀመሪያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ከክላስ የተረፈችኝን ጊዜ አብቃቅቼ ትእዛዞቹን በቃሌ አጠናለሁ። እዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ ግን የማዳምጠው አሜኑን ነው። ማን ፈጥኖ አለው? ማን አጓተተው? የጋሼ ቅንድብ ተነሳ ወይስ አልተነሳም? ጣቴ የሚንቀሳቀሰው ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላ ነው። ጋሼ «የኔ ሥርዓተኛ» ይሉኛል። መጀመሪያ ሰሞን ምስጋና መስሎኝ ለእናቴ ነግሬአት ነበር።

የምንዘጋጅበት ፈተና ዓለም አቀፍ ነው፤ ክፍያው በዶላር ነው። የምንማርበት ማዕከል በየዙሩ ለአንድ ተማሪ ብቻ ይከፍላል፤ ተማሪውን የሚመርጡት ጋሼ ናቸው። አባቴ ኮልፌ ገበያ ጆንያና ላስቲክ ይሸጣል። የፈተናውን ክፍያ ነገር ፊቱ ላነሳ ቀርቶ ለብቻዬም ሳስበው አፍራለሁ። ማዕከሉ ካልከፈለልኝ አልፈተንም፤ ነገሩ ይኸው ነው። እናቴ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ገና ከበሩ «ሰጡሽ?» ትለኛለች። ለጎረቤቶቻችን «ልጄን በእንግሊዝኛ ሊፈትኗት ነው» ብላ ከነገረች ቆይታለች።

በመጨረሻ ሁለት ሰዎች ቀረን፤ እኔና አንድ ረጅም ልጅ። ልጁ ቸርቻቸው ውስጥ ኪቦርድ ይጫወታል። አሜን ስንል በዜማ የሚለው እሱ ነው።

«ሥራው ቀላል ነው» አሉ ጋሼ የምርጫው ቀን። «የራውተሩ የይለፍ ቃል ጠፍቷል። ግቡና ቀይሩት። ውስጡ ያለው ሥራ ሳይነካ፣ ጠፍቶ ሲበራ ደህና ሆኖ ለተነሳለት እንከፍልለታለን። የኔ ሥርዓተኛ ትቅደም።»

«ቢስሚላህ በይ እህቴ!» አለኝ ረጅሙ ልጅ ከኋላ። ክፍሉ ሳቀ። በልቤ ብዬ ነበር።

የይለፍ ቃል ሲጠፋ የሚደረገውን አውቀዋለሁ። ራውተሩ ውስጥ አንዲት ቁጥር አለች። ሲነሳ የተቀመጠለትን ሥራ፣ ማለትም የተዘጋጀበትን ቅንብር፣ እንዲያነብ ወይም ዘልሎት እንዲነሳ የምታዘው እሷ ናት። ልዩነቱ አንድ አኃዝ ነው፤ በዜሮዋ ቦታ አራት ከገባ ይዘላል። ስለዚህ ራውተሩ ሲነሳ በሰዓቱ አስቁመው አራት ያስገቡና ያስነሱታል፤ የይለፍ ቃል ሳይጠይቅ ያስገባል። የተቀመጠውን ሥራ መልሰው ይጭኑና የይለፍ ቃሉን ይቀይራሉ። መጨረሻ ላይ አራቱን ወደ ዜሮ ይመልሳሉ። ይህችን የዘለለ ሰው የሠራው ሁሉ ከንቱ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ራውተሩ ምንም እንዳልተሠራበት ሆኖ ይነሳል፤ እኛ ሰፈር ደግሞ መብራት መሄዱ አይቀርም።

አልረሳኋትም። እያንዳንዱን ትእዛዝ እየተናገርኩ፣ አሜኑን እየተቀበልኩ እስከ መጨረሻው ደረስኩ። ትእዛዙን ጻፍኩ። «አሁን ቁጥሯን ወደ ዜሮ እመልሳለሁ» አልኩ።

አሜኑ ወዲያው አልመጣም። አንዷ ኪኪኪ አለች። ከዚያ ረጅሙ ልጅ ብቻውን «አሜ...ን» ብሎ ጎተተው። ጋሼ ከወንበራቸው ሳይነሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

ዞሬ አየኋቸው። ፊታቸው ላይ ምንም የለም።

«ይመስለኛል ጋሼ።»

«ይመስለኛል?»

«ማለቴ... አሁን ካልመለስኩት...»

«እኔን ምን ታስረጂኛለሽ? እርግጠኛ ነሽ ወይ ነው ያልኩት።»

ትክክል ብሆን ኖሮ ለምን ይጠይቁኛል? እስከዚያች ደቂቃ ስለ አንዱም ትእዛዝ አልጠየቁኝም ነበር። ትእዛዙ ስክሪኑ ላይ ሙሉ ሆኖ ተቀምጧል፤ የቀረው ኢንተር መጫን ብቻ ነው። ባክስፔሱን ተጫንኩ። ከኋላው ጀምሮ አንድ በአንድ አጠፋሁት።

«ተውኩት» አልኩ። «ሥራውን አስቀምጬ ጨርሻለሁ።»

«አሜን!» አለ ክፍሉ፣ በአንድ ድምፅ። እንዴት ደስ እንዳለኝ።

ጋሼ ተነሥተው የመብራት ማከፋፈያውን ማጥፊያ በጫማቸው ጫፍ ተጫኑት። ማራገቢያው ዝም አለ። መልሰው ተጫኑት። ራውተሩ ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው፤ ሁላችንም ቆመን ጠበቅን። መጨረሻ ላይ ስክሪኑ ላይ የወጣው፣ ከካርቶን የወጣ አዲስ ራውተር የሚጠይቀው ጥያቄ ነው፤ ከመጀመሪያው ልታዘጋጁኝ ትፈልጋላችሁ ወይ ይላል።

«መልሽለት እንጂ» አሉ ጋሼ። «እየጠየቀሽ እኮ ነው። አንቺ ደግሞ ተጠያቂ ስትሆኚ ታምሪያለሽ።»

ሳቁ ሲነሳ ከታች የሚቀጠቀጠው ላሜራ እንኳን አልሰማ አለኝ።

«ጋሼ፣ ሥራው ውስጡ አለ። አልጠፋም፤ ዘልሎት ነው። አሁኑኑ ላሳይዎት...»

«ደንበኛው ሱቁ በር ላይ እጁን አጣምሮ ቆሞ 'ውስጡ አለ' ትይዋለሽ?»

«ልመልሰው ጽፌ ነበር እኮ።»

«አይቻለሁ። ትክክል ጽፈሽ ነበር።» መነጽራቸውን አጠለቁ። «ተነሽ።»

ረጅሙ ልጅ ተቀመጠ። ጋሼ የይለፍ ቃሉን እንደገና አጠፉበት። ገና ሲጀምር ራውተሩን በሰዓቱ ሳያስቆመው ቀርቶ አጥፍቶ ማብራት ነበረበት። አንዱ ትእዛዝ ጠፍቶት ጣሪያ ጣሪያ አየ። «መንፈስ ቅዱስን ጠይቅ!» አሉት ከኋላ፤ እሱም አብሮ ሳቀ። ደንብ ነውና እኔም አሜን እያልኩ ቆየሁ። ተንደፋድፎ ቁጥሯ ጋ ደረሰ።

«ወደ ዜሮ» አለ።

አሜን አልን። ጋሼ ቅድም እንዳደረጉት መነጽራቸውን አወለቁ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«አይደለሁም ጋሼ፣ ግን አንዴ ጽፌዋለሁ» አለና፣ ቸርች ውስጥ መዝሙር እንደሚዘጋ ሰው፣ ኢንተሯን መታት።

ጠፍቶ በራ። ራውተሩ ደህና ሆኖ ተነሳ። ልጆቹ ልጁን ተሸክመው ሊያወጡት ምንም አልቀራቸውም።

ሲበተኑ ጋሼ አስቀሩኝ። «አንቺ ሥርዓት አለሽ፤ ገመዶቹን ጠቅልለሽ አስቀምጪ» አሉኝ። ጠቀለልኳቸው። እንዳይፈቱ አንድ በአንድ አሰርኳቸው። እሳቸው በሩ ላይ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩ።

«ከሱ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። እሱ እንዲህ ሆኖ ከገባ ይወድቅብኛል። ፈተናው እስኪደርስ አንቺ አስጠኝው።»

«እሺ ጋሼ።»

ከአፌ ሲወጣ እንደ ሌላ ሰው ቃል ሰማሁት።

«ሰጡሽ?» አለችኝ እናቴ።

«አስጠኚ አድርገውኛል።»

እልል አለች። ሳልቀመጥ ወጥታ ለጎረቤት «ልጄ አስተማሪ ሆነች» ስትል ሰማኋት። አባቴ ጆንያ እያጠፈ ነበር። «ፈተናውስ?» አለኝ። ጫማዬን ማውለቅ ጀመርኩ፤ እሱም ወደ ጆንያው ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ክፍሉ ባዶ ሲሆን፣ ሁለታችን ብቻ እንቀመጣለን። ልጁ ክፋት የለውም። ሳምቡሳ ገዝቶ ይመጣል። መጀመሪያ ለቀልድ «ቲቸር» ይለኝ ነበር፤ እየቆየ ቀልድነቱ ቀረ። ሳስረዳው አፉን ከፍቶ ነው የሚያዳምጠኝ፤ ቶሎ ይገባዋል።

«አንቺ እኮ ሁሉንም ታውቂዋለሽ» አለኝ አንድ ቀን፣ ሳምቡሳውን እያላመጠ። «የዚያን ቀን ግን ምን ነክቶሽ ነው?»

«እንጃ።»

«እኔ እኮ አሜኑን የጎተትኩት ለጨዋታ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

ከፈተናው በፊት በነበረችው በመጨረሻዋ ቅዳሜ ሁሉንም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለብቻው እንዲሠራው ነገርኩት። የይለፍ ቃሉን እኔ ነኝ ያጠፋሁበት። ራውተሩን በሰዓቱ አስቆመው፤ አንድም ትእዛዝ አልጠፋውም። እያንዳንዱን ይናገራል፤ እኔ ብቻዬን አሜን እላለሁ። ቁጥሯ ጋ ሲደርስ ጻፋት። ትክክል ነበረች።

«አሁን ወደ ዜሮ እመልሳለሁ» አለና አሜኔን ጠበቀ።

ከታች ላሜራው ይቀጠቀጣል።

«እርግጠኛ ነህ?» አልኩት።

ሳቀ፤ ያን ቀን ለጋሼ እንዳለው የሚል መስሎኝ ነበር። ከዚያ ዞሮ አየኝ። ፊቴ ላይ ምንም እንዳይኖር አደረግኩ፤ እንዴት እንደሚደረግ አይቻለሁ። ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ።

«ስህተት ነው እንዴ? አንቺ ነሽ የምታውቂው።»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ?»

ወደ ስክሪኑ ተመለሰ። ጣቱ ኢንተሯ ላይ ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ ተነሥታ ባክስፔሱ ላይ አረፈች። ከኋላው ጀምሮ አንድ በአንድ ሲያጠፋው ተመለከትኩ።

«አሜን» አልኩ።